ሹፌሩ በክፍል ሁለት

በሰሊጥ አረም ወቅት ዝናብ የጣለ ቀን ሥራ የለም። ዋልካው ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም። ሁላችንም ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ሥር ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ ያን ጊዜ ፊልም ይወራል። ሱዳን ውስጥ ከባሱንዳ ወዲህ ባለው ካምፓችን መብራትም ኔትወርክም ስለሌለ ፊልም የሚታየው በአፍ ነው።

አምና ያወራልን ውባየሁ ነበር። ውባየሁ ሲያወራ ሞተሩንም ጥይቱንም በአፉ ያሰማል፤ አክተሩ ከድልድይ ሲዘል እሱም ከተቀመጠበት ጀሪካን ላይ ይዘላል። በክፍል አንድ መጨረሻ አክተሩ የከተማውን ወንበዴ ሁሉ ጠራርጎ መውጫ ሲያጣ፣ አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሹፌር ይመጣና "ግባ!" ይለዋል። ያን ሹፌር ያልወደደ አልነበረም። ምግብ የሚያበስሉልን እትዬ ዙፋንማ "ይኼስ ቁርጥ የኔ ገሠሠ ነው!" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ገሠሠ ባለቤታቸው ነው፤ ሎሪ ይነዳል። ዘንድሮ በሱዳኑ ጦርነት መካከል እህል ጭኖ በፋው በኩል እንዳለፈ ድምፁ ጠፋ። በካምፑ ስሙን የሚያነሣ የለም።

ውባየሁም ዘንድሮ እግሩን ታሞ መተማ ቀረ። ክፍል ሁለትን ከእሱ ጋር መተማ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ሰው "ይታያል" ብሎ በስሜ ሲጠራኝ እንኳ የምደነግጥ ነኝ።

"ይታያል፣ በል አውራ!" አሉኝ አንድ ዝናባማ ቀን።

"ተዉት ባካችሁ" አሉ አለቃችን ጋሼ ባንታምላክ። "ክፍል ሁለት ማለት ውሃ የተጨመረበት ሻይ ነው። ቅጠሉ ያው፣ ጣዕሙ የለ። በዚያ ላይ ይታያል ሊያወራው!"

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነበር። አክተሩ አርጅቷል፤ ፍንዳታው በዝቷል፤ ታሪኩ ግን ቀጥኗል። ከሁሉ የከፋው፣ ገና ሲጀመር ሹፌሩ ድልድይ ላይ ከነመኪናው ተቃጥሎ ይሞታል። አክተሩ እስከ መጨረሻው የሚበቀለው ለእሱ ነው።

"አክተሩ... ከተማ ውስጥ ተቀምጧል..." ብዬ ጀመርሁ።

"ለጉንዳን ነው እንዴ የምታወራው? ድምፅ ጨምር!" አለኝ ታምሬ፣ የካምፑ ቀልደኛ።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መኪናው ድልድዩ ጋ ሲደርስ እትዬ ዙፋን የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው ቀና አሉ።

"የኔ ሹፌር አለበት?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"አለበት" አልሁ። "መኪናው ተቃጠለ። ሹፌሩ ግን ቀድሞ ዘሎ ወርዶ ነበር።"

"ያ ወፍራም? እንዴት አድርጎ ዘለለ?" አለ ታምሬ።

"ተንከባለለ።"

ራኩባው በሳቅ ተናጋ። አሁን ግን የሚበቀሉለት ሰው ስለሌለ ለአክተሩ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረብኝ። መንገድ ተዘግቷል፣ የሹፌሩ ስልክም መኪናው ውስጥ ተቃጥሏል፣ ስለዚህ አክተሩ ሊፈልገው ወጣ አልኋቸው። በየኬላው እየተደባደበ፣ በየገበያው እየጠየቀ ሄደ። ሹፌሩም በበኩሉ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመጣል። ቆሜ እያወራሁ መሆኔን ያወቅሁት ራሴ ከራኩባው ጣሪያ ጋር ሲጋጭ ነው።

ሰሊጡ ለአጨዳ ሲደርስ ውባየሁ በትራክተር ተሳቢ መጣ። ገና ጓዙን ሳያወርድ ከበቡት።

"ክፍል ሁለትን አውራልን! ካንተና ከይታያል ማን እንደሚበልጥ እንለይ!"

የምሳ ዕረፍት ነበር። ውባየሁ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠና ሞተሩን በአፉ አስነሣ። እትዬ ዙፋን ድስታቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። እኔ ውሸታም ብባል ግድ አልነበረኝም፤ ሹፌሩ መሞቱን እሳቸው እንዳይሰሙ ግን ፈራሁ። ውባየሁ የገሠሠን መጥፋት ይስማ አይስማ አላውቅም፤ በምን ልጥቀሰው? መሬት መሬት አየሁ።

"መኪናው ድልድዩ ላይ ወጣ" አለ ውባየሁ። ሞተሩን አንጎደጎደ። ከዚያ ዓይኑ እትዬ ዙፋን ላይ አረፈና ሞተሩ ጠፋ። ወደ እኔ ዞረ።

"ይታያል፣ ሹፌሩ እዚህ ጋ ምን ሆነ?"

"ዘለለ" አልሁ።

"ተንከባለለ!" ብለው ሁሉም ጮኹ።

ውባየሁ ከጀሪካኑ ላይ ተነሣ።

"እኔስ እዚያ ጋ አንድ ረጅም ሰው ፊቴ ቆሞብኝ በደንብ አላየሁትም። ና አንተው ጨርሰው" ብሎ ከሰዎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ታዲያ የቱ በለጠ?" አለ ታምሬ ወደ ጋሼ ባንታምላክ ዞሮ።

"ክፍል አንድ ነዋ! ምን ጥያቄ አለው?" አሉ ጋሼ ባንታምላክ። "ቢሆንም ይድገመው።"

ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥሁ። ከድልድዩ ልጀምር ስል እትዬ ዙፋን በእጃቸው አስቆሙኝ።

"በእግሩ ከሚመጣበት ጀምርልኝ" አሉ። "መንገዱን ደግሞ አታሳጥርብኝ።"

ከዚያው ጀመርሁ።