ከበቆሎው ሥር

ዳልጮ አፈር የሚመረምር ሰው ነው። ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ከየጥልቀቱ አፈር ዘግኖ በከረጢት ያስራል፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ላብራቶሪ ወስዶ ያደርቀዋል፣ ይፈጨዋል፣ በውሃ ያርሰዋል፣ ይጫነዋል። ከዚያ «ይህ መሬት ይህን ያህል ይሸከማል» ብሎ ይፈርማል። ቤቱ ሲያምር የሚመሰገነው ግንበኛው ነው፤ ሲሰነጠቅም የሚረገመው ግንበኛው ነው። ዳልጮን ማንም አያስታውሰውም። እሱም ቢሆን ይህን ይወደው ነበር፤ እስከ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ድረስ ማለቴ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ የመምህራን የቤት ማኅበር ከሲቀላ ሰፈር ጠርዝ፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ ከሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ለሠላሳ ስምንት አባላቱ መሬት አገኘ። ከአባላቱ አንዷ ቲቸር ጸዳለ ነበሩ። ቲቸር ጸዳለ በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከደብረ ማርቆስ ተመድበው መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩ፣ ያላገቡ፣ ያልወለዱ፣ የከተማውን ግማሽ ግን ያስተማሩ ሴት ናቸው። ዳልጮ ከዶርዜ ወርዶ አራተኛ ክፍል ሲገባ አማርኛው ይሰባበርበት ነበር። ልጆቹ ሲስቁበት ቲቸር ጸዳለ ጠረጴዛውን በማስመሪያ መትተው፣ «የሳቀ ይነሣ! እሱ ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ አንተ ስንት?» ብለው ነበር። ያን ቀን የሳቁትን ስም እስከ ዛሬ ያስታውሳል፤ የሳቸውንማ ምኑን ይረሳዋል።

እንግዲህ መሬቱ ይመርመር ተባለና ዳልጮ በኅዳር ወር ተላከ። ሦስት ጉድጓድ እንዲቆፈር ነው ዕቅዱ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከመካከል፣ አንድ ከታችኛው ጥግ። ከላይ ያለው ቀይ ጠጠራም አፈር ሆኖ ተገኘ፤ ዶማ የሚያደነዝዝ ጠንካራ። መካከለኛውም እንዲያው። ታችኛው ጥግ ሲደርሱ ግን የአቶ ኦይታ በቆሎ ቆሟል። አቶ ኦይታ የመሬቱ ባለቤት የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ ካሳቸውን ተቀብለው የመጨረሻውን ሰብል እንዲሰበስቡ ተፈቅዶላቸዋል። ማሳዋ ትንሽ ናት፤ የአንድ ቤት ቦታና ትንሽ ትርፍ። በቆሎው ግን ሰው ይውጣል፤ አንዱ አገዳ ሁለት ሁለት እሸት ታቅፏል።

«ግባና ቆፍር እንጂ፤ መሬቱ እንደሆነ የእኛ ሆኗል» አሉት የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ተክለወልድ።

ዳልጮ እግሩ አልታዘዝ አለው። አባቱ የቆመ እህል መርገጥ ጎሜ ነው፣ ነውር ብቻ ሳይሆን መዘዝ የሚያመጣ እርም ነው፣ እያሉ ነው ያሳደጉት። ወንጌል አማኝ ነው፣ ጎሜን ትቷል፤ እግሩ ግን አልተወውም።

«እስኪሰበስቡ እንጠብቅ» አለ። «አንድ ወር ቢሆን ነው።»

«ማዘጋጃ ቤት ሪፖርቱን በዚህ ሳምንት ይፈልጋል። እሺ አትርገጠው፤ እዚሁ ዳሩ ላይ ቆፍር። ያው መሬት አይደለም እንዴ?»

ያው መሬት! ከበቆሎው አንድ እርምጃ ወጥተው ቆፈሩ። ቀይ ጠጠራም አፈር። አቶ ኦይታም ሰብላቸው ስላልተረገጠ ደስ ብሏቸው እሸት ቀቅለው አቀረቡ። ሁሉም በልተው «አቤት ጣፋጭነቱ!» አሉ። ይህን በቆሎ እንዲህ የሚያፋፋው ምን ቢሆን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። አፈር ይመረምራል የተባለው ዳልጮ እንኳን እሸቱን ግጦ ቆረቆንዳውን ወረወረና ወደ ቢሮው ሄደ። በሪፖርቱ ላይም «የቦታው አፈር በሙሉ አንድ ዓይነት ነው» የምትል መስመር ጻፈ። አይ ዳልጮ! «ታችኛው ጥግ አልታየም» ብሎ ቢጽፍ ምን ነበረበት? እጁን ማን ያዘው?

በጥር ዕጣ ወጣ። ያቺ የበቆሎ ጥግ ለቲቸር ጸዳለ ደረሰች።

እሳቸውማ እንደ ሙሽራ ሆኑ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ኖረው፣ አሥራ አንድ ጊዜ ዕቃ ተሸክመው፣ በጡረታቸው ዓመት የራሳቸው መሬት! ለዳልጮ ስልክ ደውለው፣ «ያየኸው መሬት ነው፤ እኔ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?» አሉት። እሱም ደስ አለው። መጋቢት ላይ ግንበኛው መሠረት ማስቆፈር መጀመሩን ሲሰማ እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ሄደ።

ቦይው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ዋልካ ነው። ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ገና በሦስት ቀኑ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ዋልካ ማለት እንግዲህ ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚኮማተር፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤት በዓመት ሁለቴ አንሥቶ የሚያፈርጥ አፈር ነው። ዳልጮ ይህን ላብራቶሪው ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች ራሱ ያስረዳል።

አቶ ኦይታ በዚያ ሲያልፉ አዩትና ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይህ አፈር እንዲህ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አላቸው።

«እንዴት አላውቅም? ሠላሳ ዓመት ያረስኩት» አሉ ሽማግሌው። «የኔ ቤት የታለ? እዚያ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ። ለምን እዚያ ሠራሁ? እዚህ ቤት አይኖርም። እዚህ በቆሎ ነው የሚኖረው።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ቢነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ? ስትቆፍሩ አየሁ። የተማሩ ናቸው፣ ያውቃሉ አልኩ።» ይህን ብለው እያዘኑ ሄዱ።

ዳልጮ ከቦይው አንድ ጓል ይዞ ወደ ላብራቶሪ ሮጠ። አደረቀው፣ ፈጨው፣ በመስታወት መለኪያው እስከ አሥረኛው መስመር ሞላና ውሃ ጨመረበት። በማግሥቱ አፈሩ አብጦ፣ አሥሩ ሃያ ሁለት ሆኖ ጠበቀው። ተመልሶ በእጅ በሚጠመዘዘው መቦርቦሪያ ጥልቀቱን ቢሞክር አራት ሜትር ወርዶም ያው ጥቁር ነው። ይህን ሁሉ ዝቆ አውጥቶ በገረጋንቲ ጠጠር መሙላት የትልቅ ሕንፃ ሥራ እንጂ የሁለት ክፍል ቤት ሥራ አይደለም።

ወደ አቶ ተክለወልድ ሄደ። ነገራቸው።

«አንተ አይደለህም እንዴ የፈረምከው?»

«ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

አቶ ተክለወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ወንድሜ፣ አንተ ስለተሳሳትክ የሠላሳ ሰባት ሰው ቤት ላስቆም? ሪፖርቱ ስሕተት ነው ካልን ፈቃዱ በሙሉ ይታገዳል። በስድስት ወር ውስጥ ያልጀመረ ደግሞ መሬቱን ይነጠቃል። ማን ምን ይሁን?»

«ለቲቸር ጸዳለ ሌላ ቦታ ይሰጣቸው፤ የሚለውጣቸው ሰው ይፈለግ።»

«አንተ ብትሆን ትለውጣቸዋለህ?»

«ዛሬውኑ!»

«አንተማ ዕጣ የለህም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ይሻል ነበር፤ ተጣልቷቸው ይወጣለት ነበር። ለራሱ መሥሪያ ቤትም ስሕተቱን ዘርዝሮ ደብዳቤ ጻፈ። «ይታያል» ተባለ። እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

የቀረው ለቲቸር ጸዳለ መንገር ነው። ሁለት ቀን ፈርቶ በሦስተኛው ሄደ። አሥራ አንደኛው የኪራይ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው፤ በቆሎውን፣ ጉድጓዱን፣ ያቺን መስመር፣ ሃያ ሁለቱን። እሳቸው የተማሪ መልስ እንደሚሰሙ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት።

«ተወስዶ የሚያልቅ አፈር ነው?»

«አይደለም፣ ቲቸር።»

«ቢሠራበት ይወድቃል?»

«ላይወድቅ ይችላል። ግን ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ይሰነጠቃል።»

ቲቸር ጸዳለ ፊት ለፊት አዩት። «እኔ አፈር አላውቅም። የምታውቀው አንተ ነህ። ተይው ካልከኝ እተወዋለሁ፤ ዳግመኛ መሬት እንደማላገኝ አንተም ታውቃለህ። ሥሪ ካልከኝ እሠራለሁ። በል ንገረኝ፤ ምን ላድርግ?»

ተይው ቢል ከሰው ቤት ሊሞቱ ነው። ሥሪ ቢል ደግሞ የሚሆነውን ያውቀዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዲግሪ አለው፣ ላብራቶሪ ሙሉ መሣሪያ አለው፤ ለዚህች ጥያቄ የሚሆን ግን አንድ ነገር የለውም።

«ይሥሩ» አለ። ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለው።

የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ይህንስ አንክድበትም። ቦይው እንዲጠልቅ፣ የፌሮው ብረት እንዲበዛ፣ የኮንክሪት ቢሙ እንዲወፍር አደረገ። አሸንዳ በገዛ እጁ ሰቀለ፤ የጣሪያው ውሃ ርቆ እንዲወርድ የሲሚንቶ ቦይ አሠራ። ሙዝ ከግድግዳው አጠገብ ልትከል ቢሉ ውሃው ወደ መሠረቱ ይሰርጋል ብሎ ከለከላቸው። ቤቱ ሲያልቅ ነጭ ቀለም ተቀባና እውነትም አማረ። ሰው ሁሉ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ እያለ ሲመርቅ ዳልጮ ከኋላ ቆሞ ግድግዳውን ያይ ነበር።

የመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ በሩን ከመቃኑ ጋር አጣበቀው። ዳልጮ መላጊያ ይዞ መጥቶ ጣውላውን ላገው። በበጋ በሩ ላላና ንፋስ ገባበት። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ተነሥቶ እስከ ጣሪያ ወጣ። ቲቸር ጸዳለ በኖራ ደፈኑት፤ እንደገና ተከፈተ። ዳልጮ በየሳምንቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ ይመጣል፣ ስንጥቁ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ቀኑን ይጽፋል። ለምን እንደሚጽፍ ራሱም አያውቅም። «ጎበዝ፣ ክትትልህ ጥሩ ነው» ይሉታል እሳቸው። ቢቆጡት፣ ቢሰድቡት በወደደ። አንድ ቀን እንኳን ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ እሱን የገደለው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ዝናቡ በረታ። ለአንድ ሳምንት ሳያባራ ዘነበና በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤት ደወለለት። «ቲቸር በራቸው አልከፈት ብሏቸው ውስጥ ናቸው።» ዳልጮ ባጃጅ ይዞ በረረ። በሩ ተዛብቶ፣ መቃኑ ነክሶት፣ ሁለት ሰው ቢገፋው አይነቃነቅም።

«አትስበሩት እባካችሁ» አሉ ከውስጥ። «ደህና በር ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። መዶሻ ጠይቆ ነበር፤ አላስፈለገውም። ብረቱን ጨብጦ ሳብ ቢያደርገው መስኮቱ ከነመቃኑ ተነቅሎ በእጁ ቀረ። ግድግዳው አፉን ከፍቶ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ቲቸር ጸዳለ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበር ላይ ወጡ፤ ዳልጮ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣቸው። ቀለው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ሰውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሳይዞሩ፣ «ዳልጮ፣ አንዲት ክፍል ፈልግልኝ» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ሴቻ ላይ ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘ። አልጋቸውን ፈታትቶ በመስኮቱ አወጣው፤ መጻሕፍቱን፣ ሳህኑን፣ ጄሪካኑን። ሁሉንም ጭነው ወጡ። አከራይዋ በሩን ከፍተው ቁልፉን ሰጧቸው። ቲቸር ጸዳለ ደፍ ላይ ቆም ብለው ወለሉን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ያለ አንዳች ስላቅ፣ እንደ ድሮው በሙሉ እምነት ጠየቁት።

«የዚህስ አፈር እንዴት ነው፣ ልጄ?»

ዳልጮ ፍራሹን አውርዶ ወደ አከራይዋ ዞረ፤ «ግድግዳው በዝናብ ጊዜ ይሰነጠቃል?» አላቸው። ቲቸር ጸዳለ የእሱን መልስ እየጠበቁ ነበር።