የባሌ ማስፊያ መስታወት

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው፤ ዕቃ ሲገዛ ግን ልጅ ነው። ያን ሰሞን ሌንሱ ፊት ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገጠም ወፍራም መስታወት ይዞ መጣ፤ የሚታየውን ስለሚያሰፋ «ማስፊያ» ይለዋል። «ይኼ ካለኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሁሉንም ሰው አስገባለሁ» አለኝ። ወጥ ቤት እየገባ እኔን ከነድስቴ ሲያነሳ ዋለ። ፎቶው ዳር ላይ የቆመ ሰው እንደሚወፍር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

እውነቱን ለመናገር የገዛው ለእማዬ ብሎ ነው። እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። «ሁለቱን ወንዶች ባንድ ፎቶ ሳላይ እንዳትቀብሩኝ» ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሁለተኛው ሾፌር። እማዬ ማን ዘንድ ትኑር በሚል ተጣልተው ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። እነሱ ሲጨቃጨቁ እሷ እኔ ቤት ገባች፤ እነሱ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።

እሑድ ጠዋት ለእማዬ ፎቶ ሲሉ ሁለቱም መጡ። አንዱ ከራስጌዋ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ፣ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ቆሙ። በመካከላቸው መኪና ያሳልፋል። ባሌ ጀርባውን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጣብቆ በካሜራው ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጠዋት ሌንሱን ከአቧራ ይጠብቅልኝ ብሎ ያሰረውን ስስ መስታወት ሳያወልቅ፣ ማስፊያውን በላዩ ላይ ጠምዝዞታል። የሁለቱ መስታወቶች ጠርዝ ተደራርቦ የፎቶውን ዳርና ዳር አጥቁሮታል። ወንድሞቼ ፎቶው ውስጥ የሉም።

ሊፈታው ታገለ፣ ላብ አጠመቀው። «እስቲ አንቺ ሞክሪው፣ የጠበቀ ክዳን ታውቂበታለሽ» ብሎ በሹክሹክታ አቀበለኝ። ያዝ አድርጌ ስጠመዝዘው እሺ ብሎ ዞረ። ቀና ብዬ ሁለቱን አየኋቸው። ከዚያ መልሼ አጠበቅኩትና «ወይ ፍንክች!» አልኩት። ዋሸሁ፤ ደስም አለኝ።

«እንግዲህ የሚታየው መሃሉ ብቻ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ ባሌ።

«ወደ የት?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ወደ እማዬ ነዋ!»

አንድ አንድ እርምጃ ተጠጉ።

«የጋሼ ጆሮ ገና ጨለማ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ደግሞ አፍንጫ ብቻ ነው» አለ ባሌ፤ ጋሼ የሚለው ታላቁን ነው።

«አፍንጫውማ የአባቱ ነው፣ እሱን እንዳትቆርጥብኝ» አለች እማዬ።

እንዲህ እየተባሉ ከራስጌዋ በላይ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። የልብስ ሰፊው እጅ መግቢያ አጥቶ ወንድሙ ጀርባ ላይ አረፈ። የሰው ልክ ሲወስድ የኖረ እጅ ነውና እዚያው ቀረ።

«ከስተሃል እኮ» አለው ቀስ ብሎ።

ሾፌሩ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤ እንባው ግን አልቆመም። ባሌ ይኼኔ ነው ያነሳው።

ፎቶው ላይ አንዱ እያለቀሰ ነው፣ ሌላው ካሜራውን ትቶ እሱን ያያል። «ተበላሸ፣ ልድገመው» አለ ባሌ።

እማዬ እጇን አነሳች። «እንዳትደግመው። እኔ የፈለግኩት ይኼንኑ ነው።»