ከዜሮ እስከ አስር

ባሌ ዘውዱ ውሸታም ሰው አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር የት ዋልክ ካልኩት የዋለበትን ይነግረኛል፤ ሳህን ከሰበረም እኔ ነኝ ይላል። የማይታመነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ። ቤቱ በላዩ ላይ ቢፈርስበት ከፍርስራሹ ስር ሆኖ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ እግሩን ማመም መጀመሩን አልነገረኝም። እኔ ነኝ የደረስኩበት። ዘውዱ ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ነው የሚሠራው። ከቁም ሳጥን የማትሰፋ የመስታወት ክፍል ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት ተቀምጦ ከሚወጡት መኪኖች ትኬት ይቀበላል። እኔ ደግሞ ከዚያ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። አንድ ቀን ሥራ ቀድሜ ጨርሼ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ተገናኘን። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ እሱ ግን ብረቱን ይዞ ቆሟል።

«ለምን አትቀመጥም?» አልኩት።

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አይደል እንዴ የዋልኩት» አለኝ።

እውነት መሰለኝ። የኮልፋክስን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር፣ ቤታችን እስካለበት አውሮራ ድረስ እኔ ተቀምጬ እሱ ቆሞ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ግን ዓይኔ ተከፈተ። እራቱን ፍሪጁን ተደግፎ ይበላል። ዜና ቆሞ ያያል። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ካልሲውን በእጁ እንደያዘ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘሁትና ያዝኩት። በስንት ልመና ተናገረ። ከግራ መቀመጫው ተነስቶ በጭኑ ጀርባ፣ በባቱ በኩል አድርጎ እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ነው። ሲቆም ይታገሰዋል፤ ሲቀመጥ ይብስበታል።

እኔም ቀኝ ትከሻዬን ካመመኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በቀን አሥራ አራት ክፍል ፍራሽ እያነሳሁ አንሶላ ስወትፍ የመጣ ነው። የኔ ግን የሥራ ሕመም ነው፤ የሥራ ሕመም ደግሞ ያልፋል። የዘውዱ ነው ያስጨነቀኝ።

ያስጨነቀኝም በምክንያት ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህ ስድስት መጋቢት ነው፤ ጾም ገብቷል፤ ልጃችን ሄዋን ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ልታገባ ቀን ተቆርጧል። በሠርጉ ጠዋት ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ጉልበት የሚሳመው ደግሞ ወላጅ ተቀምጦ ነው። እኛ ካርቱም በስደት ስንጋባ ጉልበቱን የምንስመው ወላጅ አልነበረንም። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ተለምነው ወንበር ላይ ተቀመጡልን፤ ስማቸውን እንኳን በደንብ አናውቅም ነበር። ዘውዱ ያን ቀን አንስቶ አይጠግብም። «የኔ ልጅ የሰው ጉልበት አትስምም» ይላል። ይህን ሲል ሳቅ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ሳሎኑ መሐል ላይ አስቀምጦ ብቻውን ተቀምጦበት አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ማንም የለም። በእጁ የወጥ ቤቷን ሰዓት፣ ያችን ምግብ እንዳያር የምንሞላትን ይዟል። ሰዓቷ ሳትጮህ እሱ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ።

«ስንት ደረስክ?» አልኩት።

«ሁለት ደቂቃ» አለ፣ እንደ ተማሪ።

አንጀቴን በላው። ሙሽራው አለ፣ ሙሽራዋ አለች፣ ሚዜዎቹ አሉ፣ ምርቃቱ አለ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ደግሞ አንዴ ድገሙት ሳይል አይለቅም። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ነው።

ሐኪም የሰጠው ክኒን ከማስተኛት በቀር ምንም አልረዳውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ፀዳል ናት አውሮራ ውስጥ ያለ ካይሮፕራክተር የነገረችኝ፤ የወገብና የአከርካሪ አጥንት በእጁ የሚያክም ነው አለችኝ።

«ወጌሻ ነው?» አለኝ ዘውዱ።

«የተማረ ወጌሻ ነው በለው» አልኩት፣ እንዲሄድልኝ ብዬ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የኔ ጥፋት ነው። ዘውዱ ልጅ ሆኖ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ሲያሸው የነጠላ ጫፍ ነክሶ ትንፍሽ ሳይል መቅረቱን እስከ ዛሬ ይተርካል። ወጌሻ ፊት ወንድ ልጅ አያቃስትም። ካሹት በኋላ ደግሞ እጅህን ይባርከው፣ ተሻለኝ ይባላል። ቢሻልም ባይሻልም።

ዶክተር ማርክ እጁ አካፋ የሚያክል፣ ፊቱ የልጅ የሆነ ሰው ነው። አንድ ወረቀት አወጣ። ከሚስቅ ፊት ጀምሮ እስከሚያለቅስ ፊት ድረስ ተስሎበታል፤ በሥሩ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር አለ። ዜሮ ማለት ሕመም የለም፣ አሥር ማለት ከዚህ የባሰ ሊታሰብ አይችልም። ሕመምህ ስንት ነው አለው። ዘውዱ የሚያለቅሰውን ፊት አይቶ ዓይኑን መለሰ።

«ቱ» አለ።

ዞሬ አየሁት። መቀመጥ አቅቶት ፎርሙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ የሞላ ሰው ነው ሁለት የሚለው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ባሌን በፈረንጅ ፊት ውሸታም ማድረግ ከበደኝና አፌን ዘጋሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ዶክተሩ በሆዱ አስተኛው፣ በጎኑ አስተኛው። ዘና በል ይለዋል፤ ዘውዱ ዘና በል በተባለ ቁጥር እንደ ግንድ ይደርቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ዶክተሩ ይገፋል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱ አንድ ሁለቴ ቀጭ ይላል። ሲጨርስ ስንት ነው አለው።

«ዋን» አለ ዘውዱ፣ ፈገግ ብሎ።

በሳምንቱም ሄድን። በሦስተኛው ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ዶክተር ማርክ ደስ አለው፤ እጁን ጨበጠው፣ ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈልግህም፣ ከተመለሰብህ ደውል አለው። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። አንድ ወር ሳይሞላው ድኖ ተሰናበተ ማለት ነው።

መኪናችን በሩ ፊት ለፊት ነበር የቆመው። ዘውዱ በሩን ከፈተ፣ አንድ እግሩን አስገባ፣ ሌላውን ማስገባት አቃተው። የመኪናውን ጣሪያ በሁለት እጁ ይዞ፣ በብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ቆመ።

«ዜሮ?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ክሊኒኩ በር መለሰ።

«ዘውዱ፣ ይሄ ነው ዜሮ?»

«ምን ላድርግ? ልጁ ላብ በላብ እስኪሆን ነው የደከመልኝ። ምንም አልረዳኸኝም ልበለው? ነውር አይደለም?»

«ሄዋን መጥታ ስትንበረከክስ ቆመህ ልትጠብቃት ነው? እሱስ ነውር አይደለም?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ግን ደሜ ፈልቶ ነበርና እዚያው በሩን እንደያዘ ትቼው ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። እንግዳ የምትቀበለዋን ልጅ አልፌ ዶክተሩን መተላለፊያው ላይ አገኘሁት።

«ዘጠኝ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ሁለት ሲልህም ዘጠኝ ነበር። አንድ ሲልህም ዘጠኝ ነበር። አሁን ውጭ መኪና ውስጥ መግባት አቅቶት ቆሟል።»

ዶክተር ማርክ ኮቱን እንኳን ሳይደርብ ተከትሎኝ ወጣ። ዘውዱ ሲያየው ወገቡን ቀና አድርጎ ፈገግ አለ። «አይ አም ኦኬ፣ ዶክተር» አለው። እጁ ግን የመኪናውን ጣሪያ አልለቀቀም።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቁጥርም አልጠየቀም። ትንሽ ቆሞ አየውና «ማድረግ ፈልገህ ያቃተህ ነገር ምንድን ነው?» አለው። እኔ ተረጎምኩ።

ዘውዱ በአማርኛ ጀመረ፤ እኔ እየተከተልኩ አስተረጎምኩ። ልጄ ልታገባ ነው አለ። ጉልበቴን ስትስም መቀመጥ አለብኝ አለ። እኛ ስንጋባ የተቀመጡልን ሰው ስማቸውን አላውቅም አለና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ እኔም መተርጎሙን አቆምኩ። ፈረንጁ ጉልበት መሳም ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን መሐላችን ቆሞ ጠበቀን።

«ስንት ደቂቃ መቀመጥ አለብህ?» አለ።

«አሥር» አለ ዘውዱ።

«አሁን ስንት ትችላለህ?»

«ሁለት።»

ወዲያው ነው የመለሰው፣ ሳይሸፋፍን። ያን ጊዜ ገባኝ። ሕመምህ ስንት ነው ማለት ለዘውዱ አልቅስልኝ እንደማለት ነው። ደቂቃ ግን በወጥ ቤት ሰዓት የተለካ ነገር ነው፤ በእሱ አይዋሽም።

ተመልሰን ገባን። ዶክተሩ በተረከዝህ ብቻ ቆመህ ሂድ አለው። የቀኝ እግሩ ጣቶች ሽቅብ ተነሱ፤ የግራው ግን መነሳት አቅቶት ጫፉ ዝቅ አለ። ዶክተር ማርክ ፊቱ ተለወጠ። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረብኝ፣ ቁጥርህን አምኜ ተታለልኩ፣ የኔም ጥፋት ነው አለ። የወገቡ ምስል ሳይነሳ ዳግም እንደማይነካው ነገረን። ምስሉ ሲመጣ በአጥንቶቹ መካከል ያለችው ዲስክ ወጣ ብላ፣ ሳያቲክ የሚባለውን ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ ስትጫን ታየች። ያየው የነርቭ ሐኪም ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፣ ከባሰ ግን ቶሎ ተመለሱ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀጭ የሚል ነገር የለም። ዶክተሩ መሐሉ በሚታጠፍ አልጋ ላይ አስተኝቶ ወገቡን በቀስታ ይስባል። ቤት ደግሞ ዘውዱ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ በክንዶቹ ደረቱን ቀና ያደርጋል፤ እንግዳ ከመጣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ሶፋው ስር ያያል። ሲቀመጥባት ወገቡን ታጣምመዋለች ብለው ከኋላ ኪሱ ሃያ ዓመት የተከማቸ ወረቀት የያዘችውን የገንዘብ ቦርሳ አስወጡት። ሥራ ቦታውም በየሃያ ደቂቃው እየተነሳ ይቆማል። በሄድን ቁጥር ዶክተር ማርክ የሚጠይቀው «ስንት ደቂቃ?» ብሎ ብቻ ነው። ሁለት ነበር፣ አራት ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ሦስት ወረደና ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። በፋሲካ ማግስት ሰባት ደረሰ። በሠርጉ ሳምንት ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ አሥር እምቢ አለ።

የሠርጉ ጠዋት ሳሎናችን በሰው ተሞልቶ ጠጠር መጣያ የለውም። ሙሽራው ትንሳኤ ሚዜዎቹን አስከትሎ በዘፈን ገባ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደርጎ ዘውዱና እኔ ተቀመጥን። እኔ ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ትንሳኤ ጉልበቱን ሳመ። ሚዜዎቹ ሳሙ። ቀጥላ ሄዋን ቬሏን ሰብስባ ተንበረከከች፣ ሳመችው። ስድስት ደቂቃ።

«ፊቷ አልገባልኝም፣ አንዴ ድገሙት» አለ ቪዲዮ የሚቀርጸው ደምሰው። ሰውየውን ልውጠው ነበር።

ሄዋን ድጋሚ ተንበረከከች። ጉልበቱ ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቀና ብላ አየችውና ቀስ ብላ «ዳዲ፣ የሕመም ነምበርህ ስንት ነው? ትሩዙን፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። ነገሩን ሁሉ ነግሬያት ነበር።

ዘውዱ ዙሪያውን አየ። የሙሽራው አባት አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። እንዴት ነህ ቢሉት ተመስገን ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።

«ስድስት» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«በቃ ዳዲ፣ ተነስ፣ ኢትስ ኦኬ።»

«ገና አልመረቅኩሽም» አለና እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ሳይቸኩል መረቃት። ውለዱ፣ ክበዱ አለ፤ ካርቱም ለተቀመጡልን ሽማግሌም ነፍስ ይማር አለ። ሲጨርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ትንሳኤ ትከሻውን ሰጠው፣ ተደግፎ ተነሳ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ሄዋን ወደኔ ዞረች። ሁለት ጉልበቴን ሳመችና እዚያው ሆና «አንቺስ እማዬ?» አለችኝ።

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ? ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኳት። ላነሳት ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ትከሻዬ መሐል መንገድ ላይ ያዘኝና እጄ አየር ላይ ቀረ።

ዘውዱ ከወንበሬ ኋላ ቆሟል።

«ስምንት ናት» አለ። «ካመማት ሁለት ዓመቷ ነው። በቀኝ ጎኗ ተኝታ አታውቅም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በሙሽራው ቤተሰብ ፊት እንዲህ ማለቱ ሊያናድደኝ ይገባ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ አንድ እጁ ወንበሬን፣ አንድ እጁ የራሱን ወገብ ይዟል።

«ሰባት ነው» አልኩት። «አታጋንን።»