የጭራቁን ፊት ያጠብኩበት ቀን

ሲኒማ ቤት ሰው ሁሉ ጭራቁን አይቶ ሲጮህ እኔ እጄን ነው የማየው። ያንን ፊት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥጥና ሙጫ እየደራረብኩ፣ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ሙሉ። ፊልም አፉን ከፈታ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የሆሊውድ ተዋናይ ሁሉ ሲለፈልፍ ጭራቁን ለሚጫወተው ለኛ ኤሜት የደረሰው ማጉረምረም ብቻ ነው። ይሄ ፊት ከድሮው መልክህ ይሻልሃል እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ፊልሙ ሳይወጣ ጭራቁን ማንም እንዳያይ ተብሎ፣ ኤሜት ለምሳ ሲወጣ እንኳ ጭንቅላቱን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። የታየ ቀን የምባረረው እኔ ነኝ፤ የስቱዲዮው አለቃ አፍ አውጥቶ ነግሮኛል። ያን ጊዜ ሥራ ያጣ ሰው ለቁራሽ ዳቦ ተሰልፎ ነው የሚውለው።

ኤሜት ዊኒ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችው፤ እናቷ ሞታለች። የጭራቁን ፊት አሳየኝ እያለች ብትለምነውም ትፈራለች ብሎ እምቢ ይላታል። በዚያ ሰሞን ጉሮሮዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልክ ሲጮህ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አባቷ አሁኑኑ ይምጣ፣ ብዙ አትቆይም» አለች ነርሷ። «ደግሞ ልጅቷ፣ አባዬ ፊቱን ሳይታጠብ ይምጣ፣ አልፈራውም በሉት እያለች ነው።»

ሮጬ ሄጄ ልጅህ በጣም ታማለች፣ ቶሎ ና ተብለሃል አልኩት። የቀረውን ዋጥኩት። እግዜር ይይልኝ አልልም፤ አይቶኛል። ጭራቁ በጠራራ ፀሐይ ሆስፒታል ሲገባ፣ ጋዜጠኛ ፎቶ ሲያነሳው፣ እኔ ዳቦ ልቀበል ስሰለፍ ነው የታየኝ።

ኤሜት ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲል መስተዋት ውስጥ ራሱን አየና ቆመ።

«በዚህ ፊት ገብቼ ልጄን በድንጋጤ ልግደላት? እጠበኝ» አለኝ።

ልናገር አልናገር ስል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሙጫው በአልኮልና በዘይት ቀስ እያለ ካልራሰ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መሐል ላይ አላስችለው ብሎ በጥፍሩ ይቦጭቀው ጀመር፤ ጉንጩ ደም በደም ሆነ። ተው፣ ቀስ በል አልኩት፣ እኔው ሌባው።

ስንደርስ ዊኒ ካረፈች ሃያ ደቂቃ አልፏታል። ነርሷ የተላጠ ፊቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን እንደገባት አላውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ኤሜት ክንዴን ያዘኝ።

«እንደዚያ ሆኜ ብገባ ኖሮ ትፈራኝ ነበር፣ አይደል?»

«ትፈራህ ነበር» አልኩት።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አንተ ባታጥበኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነልኝ። ሙጫውን ቁስሉ ላይ ቀባሁለት።