የጠረጴዛው ውፍረት

የምንሠራው ጠረጴዛ ታማሚ የሚተኛበት ነው። የጨረር ሕክምናው ማሽን ከሥር ሲሠራ፣ ጨረሩ ታማሚው ጋ የሚደርሰው ጠረጴዛውን አልፎ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ስስ መሆን አለበት፤ ከወፈረ የጀርባ ቆዳ ይቃጠላል። ሰው ሲተኛበትም መርገብ የለበትም፤ ከረገበ ጨረሩ ዕጢውን ይስታል። ታላቅ እህቴ ታማሚዎቹን የምታስተኛ ነርስ ናት። “አንቺ ስትተኚበት እንደሚረግበው እንደ እቤቱ ሶፋ እንዳይሆን አደራ” ትለኛለች።

ጠረጴዛው የሚሠራው ከካርቦን ክርና ከሙጫ ነው። ክሩ አያስቸግርም። ሙጫው ግን ሲጫኑት መጀመሪያ እንደ ላስቲክ ይመክታል፤ ሲቆይ እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ ይሸሻል። እኛ ይህን መዛል እንለዋለን። የእኔ ሥራ ከፀጉር የቀጠኑትን ክሮችና በመካከላቸው ያለውን ሙጫ በኮምፒውተር ማስላት ነው። የእኔን ቁጥር ተቀብለው ሙሉውን ጠረጴዛ የሚያሰሉት ጋሼ ዣንጥላ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በጠራራ ፀሐይም ዣንጥላ ስለማይለያቸው ነው።

የተፈቀደው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ በጋሼ ስሌት ግን ጠረጴዛው ከዚያ በላይ ይረግባል። አለቃችን እንዲወፍር ሊወስኑ ስብሰባ ጠሩ። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ስላለኝ፣ ከስብሰባው በፊት የጋሼን ፋይል ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አየሁት። እኔ በላክሁት ቁጥር ውስጥ የሙጫው መዛል አለ። ጋሼ ደግሞ ያልተቆጠረ መስሏቸው እንደገና ጨምረውበታል።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ዝም አይነቅዝም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ግን እጄን አነሳሁ።

“ጋሼ፣ አንዱን ሻይ ሁለታችንም ስኳር ጨምረንበታል” አልኩ።

ሰዎቹ ሳቁ። ጋሼም ፈገግ አሉ። ፋይሉን አይተው ልክ መሆኔን አመኑ፤ ቢሆንም እንዳለ ይቆይ አሉ። “ከጥንቃቄ ብዛት የሞተ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?”

“የሞተ አልሰማሁም። ጀርባው የተቃጠለ ግን እህቴ በየቀኑ ታያለች።”

ጋሼ እንግዲያውስ መዛሉ ከአንቺ ቁጥር ይውጣ፣ የእኔ ይቆይ አሉ። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ፤ ለእሳቸው እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም።

“የእኔ ይቆይ፣ የእርስዎ ይውጣ” አልኩ። “የሚዝለው ክሮቹ መካከል ያለው ሙጫ ነው። መቆጠርም ያለበት እዚያው ነው።”

አለቃችን በምን እንመንሽ አሉኝ። ወርክሾፑ ውስጥ ገና ከቅርጹ የወጣ ስስ የሙከራ ጠረጴዛ ነበር። የሰው ክብደት የሚያህል አሸዋ ጭነንበት እስከ ምሳ እንተወው አልኩ። ከመጫኑም በፊት ሰሌዳው ላይ፣ ከሩቅ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ቁጥሬን ጻፍኩ፦ አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር። አንዱ የሥራ ባልደረባችን በእርሳስ ብትጽፊው ይሻልሽ ነበር ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ምሳዬን በላሁ።

ስንመለስ መለኪያውን እንዲያነቡት ጋሼን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ጎንበስ አሉ። አንብበው ቀና አሉና ድጋሚ ጎንበስ አሉ።

“አንድ ነጥብ አራት” አሉ። “ትንሽ ከፍ ይላል። ግን አራት ነው።”

አለቃችን ስሱ ይሠራ ብለው ወጡ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እኔ ኮምፒውተር ስበው ተቀመጡ። የጨመሩትን መስመር ራሳቸው አጠፉት፤ ስሌቱም እንደገና ሄደ። ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ እስክሪብቷቸውን እያሽከረከሩ ቆዩ።

“ለክፉ ቀን ትንሽ እንኳን አንተውም?”

“ገደቡን ያወጡት ሰዎች ቀድመው ትተውልናል፣ ጋሼ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን የስሱን ጠረጴዛ ንድፍ ወደ እሳቸው ስበው ፈረሙበት። ከዚያ እኔም እንድፈርም እስክሪብቷቸውን አቀበሉኝ።