ሰባት ቤት በፌርፋክስ

እትዬ ለተማርያም የልጅ ልጃቸውን እጮኛ ሊያዩ ከቫን ናይስ ፌርፋክስ እስካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ድረስ መጡ፤ ድራይቭ አድርጋ ያመጣቻቸው ራሷ ሙሽሪት ቤዚ ናት። ምግብ ቤቱ ውስጥ ፈረንጁ ልጅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ደስ አላቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ደስታቸው ምግቡ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም።

«ሙሉ ስሙ ማን ነው ያልሽኝ?»

«ኤሪክ ፍሪትስ።»

የሚጠጡት ውሃ ትን አላቸው። ወፍጮ ሊተክል ጎሬ ወርዶ፣ እዚያው ወልዶ የቀረው ጀርመኑ አያታቸው አገሬው ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» እንደሚል፣ ሙሴ ፍሪትስ ነበር የሚባለው! እሳቸውም እስከ ዛሬ ለተማርያም ጸጋዬ ፍሪትስ ናቸው።

«በስመ አብ! ዘመዳችንን ነው እንዴ ልታገቢ የተነሳሽው?»

«እማዬ፣ ኧረ በናትሽ! ጀርመን አገር ስንት ፍሪትስ አለ!»

«ስንትም ይኑር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም።»

ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ ቤዚ አታገባም፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኤሪክ ነገሩ ሲተረጎምለት አልሳቀም። «አስተዳደግ አለው» አሉ እትዬ በሆዳቸው። «ኦኬ» ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቆመ።

«በቃ? ወይ ጉድ!»

ልጁ አፈረና ሎንግ ቢች ላሉት ሴት አያቱ በቪዲዮ ደወለ። አሮጊቷ የባላቸውን ዘር ሳያደናቅፋቸው እስከ ሰባት ቆጠሩ፤ ሁሉም የሃምቡርግ ሰዎች። ከዚያ በተራቸው ጠየቁ፤ ቤዚ ተረጎመች።

«የእርስዎ ፍሪትስ የቤተሰብ ስማቸው ማን ነበር?»

«የምን የቤተሰብ ስም? ፍሪትስ የገዛ ስሙ ነው! እኛ አገር ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራ፣ ልጁም እሱኑ ነው የሚይዝ...» አሉና ቀጥ አሉ። «ውይ በሞትኩት! ለካ የልጁ ፍሪትስ የቤተሰብ ስም ነው፤ እኔ ነኝ ያምታታሁት!»

ቤዚ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

አሮጊቷ ግን አልጨረሱም። «ከየት ከተማ ነበሩ? የጀርመን ዘር ሲፈለግ መነሻው እሱ ነው፤ መዝገቡ ያለው በየቤተ ክርስቲያኑ ነው።»

እትዬ ለተማርያም ጎሬ ትዝ አላቸው። ልጅ ሆነው የጎሬ ልጆች ዘር ሲቆጥሩ፣ እሳቸው ፍሪትስ ላይ ሲደርሱ «አለቀባት!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። ከፍሪትስ ወዲያ ያለውን ግን አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም።

«ኡልም» አሉ። «አባቴ ነግሮኛል። አልረሳሁም።»

ኤሪክ ስልኩ ላይ ጻፈው። «ሶ፣ ከኡልም እንጀምራለን» አለ፤ ቤዚ ተረጎመችላቸው።

እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አላለቀም!» አሉ ጮክ ብለው፣ ለጎሬ ልጆች። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።