ጥርስ ብቻ

ሥዕል አልወድም። ዩኒቨርሲቲው ግን ከውጭ አገር ለመጣን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች «ራሳችሁን በሥዕል መርምሩ» ብሎ ባዶ ደብተር አደለን፤ አንዲት አሰልጣኝም መደበልን። አሰልጣኟ ምን ማየት እንደምትፈልግ ስለገመትን ሁላችንም የሣልነው አንድ ዓይነት ነው፤ ሻንጣ፣ አውሮፕላን፣ ሥሩ የሚታይ ዛፍ። እሷም እንባዋን አቅርራ «እንዴት ጥልቅ ነው!» ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ግን በንዴት እውነተኛውን ሣልኩ። የቤተ ሙከራችን ፕሮፌሰር የምሳ ማቀዝቀዣውን በከፈተ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ «ዛሬ ደግሞ ምን ሞተ?» ይላል። ሞተ የሚለው የእኔን ምሳ ነው። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ እስቃለሁ። ፕሮፌሰሩንና ማቀዝቀዣውን ጨርሼ ራሴ ላይ ስደርስ እጄ ጥርስ ብቻ ደረደረ። ዓይን የለኝ፣ ግንባር የለኝ። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የራሴ ጥርስ እንዲህ እንደሚያስጠላ ግን አላውቅም ነበር።

አሰልጣኟ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ «ውይ፣ ደስተኛ ነሽ ማለት ነው!» አለችኝ። ደብተሩን ዘጋሁባት። ሰኞ ብሞት አልስቅም ብዬ ማልኩ።

ሰኞ ፕሮፌሰሩ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። አፍንጫውን ያዘ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሞተ?»

ምሳው የእኔ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የመጣች ያገሬ ልጅ ናት ያስቀመጠችው። ሁሉም ሳቀ። እሷም ድዷ እስኪታይ ሳቀች። ለካ እኔም ስስቅ ይህን ነው የምመስለው።

«ምንም አልሞተም፤ ምሳዋ ነው» አልኩት። «ሦስት ዓመት ሳቅኩልዎት እንጂ አንድም ቀን አላሳቀኝም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብሎ ዘጋው። ደረቴን ቀለል አለኝ።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ። ልታቅፈኝ መስሎኝ ነበር።

«ምነው እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለች እንባ እየተናነቃት። «ሳምንቱን ሙሉ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ዛሬ ገና ቢያጫውተኝ ታበላሺብኛለሽ? ወዶኝ እኮ ነው!»

እኔም በመጀመሪያው ዓመት እናቴ በስልክ «እንዴት ያዙሽ?» ስትለኝ «ወደውኛል፣ ያጫውቱኛል» ነበር ያልኳት።